«ብዙ አልተነዳችም»

የመኪና ሻጭ ሁሉ፣ በየትም አገር ቢሆን፣ ከአፉ የማትለይ አንዲት አረፍተ ነገር አለችው፤ «ብዙ አልተነዳችም» የምትል። አዲስ አበባ ላይ ከሆነ «ሴት ናት የያዘቻት» ትጨመርባታለች፤ ሻል ያለ ደላላ ሲሆን ደግሞ ሴትየዋን ዶክተር ያደርጋትና መኪናዋ ከቤት ወደ ሆስፒታል፣ ከሆስፒታል ወደ ቤተ ክርስቲያን ስትመላለስ እንደኖረች ይምላል። ለቪትዝና ለኮሮላ ይህ አነጋገር ብዙም አይጎዳም። ገዢውም ሻጩም እንደ ሰላምታ ስለሚቆጥሩት ማንም አይመረምረውም። ነገሩ የሚበላሸው ያቺው አረፍተ ነገር አሜሪካ ገብታ፣ ለሽያጭ በቀረበች የሃያ አምስት ዓመት ፌራሪ ላይ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዶላር ስታስጨምር ነው። በ1998 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የተሠራች ኤፍ 355 በሃያ አምስት ዓመት ዕድሜዋ 10,000 ማይል ብቻ ሄዳለች ቢባል፣ በዓመት 400 ማይል፣ ማለትም 640 ኪሎሜትር ያህል ተጉዛለች ማለት ነው። ከአዲስ አበባ ተነስቶ በዓመት አንድ ጊዜ ጎንደር እንኳ አያደርስም። ይህ ሁሉ የደረሰው ደግሞ በሰዓት እስከ 295 ኪሎሜትር እንድትሮጥ ተብላ በተሠራች መኪና ላይ ነው። ገዢው ግን ይህን ሲሰማ በማዘን ፈንታ ደስ ይለዋል፤ ቼኩንም ይፈርማል።

በሳሎኖቻችን ቡፌ ውስጥ ለእንግዳ ተብሎ የተቆለፈ ብርጭቆ አለ። ቤተሰቡ በፕላስቲክ ኩባያ እየጠጣ ይኖራል፤ ለብርጭቆው የሚመጥን እንግዳ አይመጣም፤ ልጆች አድገው ይዳራሉ፤ ብርጭቆው አቧራው ከመጠረጉ በቀር ሌላ ታሪክ አይኖረውም። ፌራሪውን በልብስ ሸፍኖ ሃያ ዓመት ያቆመው ሰውዬም ከዚህ ልማድ ብዙ አልራቀም። ልዩነቱ ብርጭቆ በመቀመጡ ምንም የማይሆን መሆኑ ነው። መኪና ግን ጎማ፣ ፕላስቲክ፣ ዘይትና ውኃ አብረውት የሚኖሩ ብረት ነው፤ ብረቱ ሲቆም ያርፋል፣ ሌሎቹ ሲቆሙ ያረጃሉ። ስለዚህ ያገለገለ ብርቅዬ ስፖርት መኪና ለመግዛት የሚያስብ ሰው ብዙ ከተነዳው ይልቅ ብዙ የቆመውን ቢፈራ ይሻለዋል እላለሁ። ይህን ካልኩ ዘንድ አንድ ነገር ልጨምር፤ እንዲህ ያለውን መኪና እየነዳ፣ ሳይከስርም ማቆየት የሚችለው፣ ቱጃር ካልሆነ በቀር፣ በገዛ እጁ የሚፈታና የሚያስር ሰው ነው። ሁለቱ አሳቦች የተለያዩ ይመስላሉ እንጂ አንዱ ከሌላው ይወለዳል።

ማስረጃውን ከቺንጋ መጀመር ይሻላል፤ የአሮጌ ፌራሪ ባለቤት እንቅልፍ የሚያጣው በሱ ነውና። ከ308 እስከ 360 ሞዴና ድረስ ባሉት ባለ ስምንት ሲሊንደር ፌራሪዎች ላይ ቫልቮቹን በሰዓታቸው የሚያስከፍተውና የሚያዘጋው ባለ ጥርስ የጎማ ቺንጋ ነው። በእነዚህ ሞተሮች ውስጥ ፒስተንና ቫልቭ አንዲቱን ጠባብ ቦታ በተራ ይጠቀሙባታል፤ ቺንጋው ከተበጠሰ ወይም ጥርስ ከዘለለ ተራ አስከባሪ ይጠፋና ፒስተኑ ተከፍቶ ያገኘውን ቫልቭ ያጎብጠዋል። ከ1994 እስከ 1999 የተሠራችው ኤፍ 355 በእያንዳንዱ ሲሊንደር አምስት፣ በጠቅላላው አርባ ቫልቭ አላት፤ ጥፋቱ ምን ያህል እንደሚሰፋ ከዚህ መገመት ይቻላል። በዚያ ላይ የፌራሪ መሐንዲሶች በ348 እና በኤፍ 355 ሞተሩን በቁመቱ ሲያስቀምጡት፣ ቺንጋው ያለበትን ፊት ከወንበሮቹ ጀርባ ካለው ግድግዳ ጋር አጣበቁት። እጅ አይገባም። ስለዚህ ቺንጋ ለመቀየር ሞተሩ ከነካምቢዮው፣ ከነኋላ ተሸካሚ ብረቱ ከሥር ይወርዳል። አዲስ አበባ ላይ «ሞተሯ አልወረደም» ብሎ መማል ዋጋ ያስጨምራል። ሞተሯ ወርዶ የማያውቅ ኤፍ 355 ግን የፋብሪካ ቺንጋዋን እንደያዘች ሠላሳ ዓመት ልትደፍን ነውና፣ ቁልፏን ሳያዞሩ መሸሽ ነው። በ308 እና በ328 ሞተሩ በአግድም ስለተቀመጠ በቀኙ የኋላ ጎማ በኩል ይደረስበታል፤ በ360 ከወንበሩ ጀርባ መክፈቻ ተበጀለት፤ በ2004 የመጣችው ኤፍ 430 ደግሞ ቺንጋውን በሰንሰለት ለውጣ ተገላገለች።

እንግዲህ ጎማ ማይል አይቆጥርም። ሙቀትና ብርድ ሲፈራረቅበት፣ ዓመት በላዩ ላይ ሲያልፍ ይደርቃል፤ ለዚህም ነው የነዚህ መኪኖች ቺንጋ በማይል ብቻ ሳይሆን በዓመትም፣ ብዙ ባለሙያዎች እንደሚሉት በየሦስት እስከ አምስት ዓመቱ፣ የሚቀየረው። የቆመ መኪና ባለቤት ይህን ሲሰማ የሚሰጠው መልስ በየቦታው አንድ ነው፤ «ኧረ ምን ተነድታ?» ዋጋዋን ያስወደደው ትንሽ ቁጥር ሳትጠገን የመቅረቷም ሰበብ ሆነ ማለት ነው። ታዛዥ ነው ብለን፣ በየአምስት ዓመቱ ሞተር አስወርዶ ቺንጋ ያስቀይራል እንበል። ለዚህ ሥራ አሜሪካ ውስጥ ያለ ጋራዥ 10,000 ዶላር ቢጠይቀው አያስደንቅም። በአምስት ዓመት 2,000 ማይል ከነዳ፣ ቤንዚንና ኢንሹራንስ ሳይቆጠር፣ ለቺንጋ ብቻ በማይል 5 ዶላር ከፈለ። ዋሽንግተን ውስጥ በታክሲ መሄድ ከዚህ ይረክሳል፤ ሾፌሩ ሐበሻ ከሆነ ደግሞ ወሬው በነፃ ነው። ያንኑ መኪና በዓመት 5,000 ማይል የሚነዳ ሰው በአምስት ዓመት 25,000 ማይል ሄዶ ያንኑ 10,000 ዶላር ይከፍላል፤ በማይል 40 ሳንቲም ይደርሰዋል። ወጪው አልተለወጠም፤ መኪናው ግን ሥራ ሠራ።

ቺንጋው ዝነኛ ስለሆነ ብዙ ይወራለታል እንጂ ብቻውን አይደለም የሚያረጀው። በመኪና ጎማ ጎን ላይ አራት አኃዝ ታትሟል፤ 2314 ከተባለ በ2014 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ያልተነዳች መኪና ጎማ ጥርሱ ጥልቅ፣ መልኩ ጥቁርና የሚያብረቀርቅ ነው፤ ሲነኩት ግን እንደ ጣውላ ጠንክሯል። ይህን የለበሰች ኤፍ 355 ደግሞ 380 የፈረስ ጉልበት አላት፤ ጎማ ሲንሸራተት ጉልበቱን የሚቀንስ ኤሌክትሮኒክስም የላትም። ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም የተባለው የዝናብ ቀን ሲመጣ ይገባል። የፍሬን ዘይት እርጥበት ከአየር ይመጥጣል፤ መኪናው ሄደም ቆመ መምጠጡን አያቆምም፤ የፍሬኑን ፒስተኖች ከውስጥ ያዝጋቸዋል። የነዳጅ ቱቦዎች ይሰነጠቃሉ፤ ሞተሯ ከወንበር ጀርባ በሆነች መኪና ላይ የተሰነጠቀ የነዳጅ ቱቦ የሚንጠባጠበው በጋለ ብረት ላይ ስለሆነ ነገሩ የእሳት ነው፣ አይቀለድበትም። በ1980ዎቹ ፌራሪዎች ላይ ያለው የቦሽ ኬ ጄትሮኒክ ኢንጀክሽን ቤንዚን ሲቆምበት ነዳጅ አከፋፋዩ ይጣበቃል። የሚያስቀውም አለ። በ1990ዎቹና ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት ፌራሪና ማዜራቲ የመኪናቸውን የውስጥ ማብሪያና ማጥፊያዎች ለመዳሰስ ለስላሳ በሆነ ቀለም ቀብተው ነበር። ቀለሙ ከዓመታት በኋላ ወደ ሙጫ ይለወጣል። ሚሊየነሩ መስኮት ሊያወርድ ጣቱን ሲሰድ ጣቱ እዚያው ይቀራል፤ አላቅቆ ሲያነሳው ጥቁር ነው፤ መሐረብ ከሌለው ደግሞ ሱሪው ይከፍላል።

እዚህ ላይ ብልጥ ነጋዴ አንድ ጥያቄ ያነሳል። ገበያው ሞኝ ነው ወይ? ያልተነዳችው ከተነዳችው በላይ የምታወጣው በምክንያት አይደለም ወይ? በምክንያት ነው። መኪናውን የሚገዛው መልሶ ሊሸጠው ከሆነ፣ ትንሿን ቁጥር ቢገዛ ልክ ነው፤ ከሱ የሚገዛውም ለሌላ ለመሸጥ ነው፤ ያም እንዲሁ። እንዲህ እየተቀባበሉ አንድም ሰው ሳይነዳት መኪናዋ ትሸመግላለች። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ የሚባለው ይህ ነው፤ ልዩነቱ ይህችኛዋ ላም የጋራዥ ኪራይና ኢንሹራንስ የምታስከፍል መሆኗ ነው። የዚህን ባለቤት ጠባይ «ፌሪስ ቢውለርስ ዴይ ኦፍ» የተባለው የ1986 የአሜሪካ ፊልም በሚገባ አሳይቶታል። በፊልሙ ውስጥ የአንዱ ልጅ አባት የ1961 ፌራሪ 250 ጂቲ ካሊፎርኒያ አለው፤ አይነዳትም፣ ያብሳታል፤ የሄደችውን ማይል በቃሉ ይዞታል። ልጆቹ ሰርቀው ሲንሸራሸሩባት ውለው፣ የተጨመረውን ማይል ለመቀነስ በክሪክ አንስተው ጎማዋን ወደ ኋላ ያሽከረክሩታል። ቁጥሩ አልቀንስ ይላል። ልጁ የአባቱ ነገር ሲያንገበግበው በእርግጫ ሲላት ከክሪኩ ትወርድና መስታወቱን በርግዳ ገደል ትገባለች። (ለቀረጻው የዋለችው ኮፒ ስለነበረች እውነተኛዋ አልተጎዳችም፤ የሚያዝን አንባቢ ካለ ይጽናና።) አባትየው ከፊልሙ መጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ጊዜ እንኳ አይታይም፤ የሚታወቀው በቁጥሩ ብቻ ነው። ለሽያጭ ከሚቀርቡት «ብርቅ» መኪኖች የብዙዎቹ የቀድሞ ባለቤትም እንዲሁ ነው።

ከዚህ የጠነከረው ተቃውሞ የመካኒክ ተቃውሞ ነው። ፌራሪ ቶዮታ አይደለችም፤ ብዙ የተነዳች ፌራሪ የተበላች ፌራሪ ናት ይላል። ግማሹ እውነት ነው። በመጀመሪያዎቹ የኤፍ 355 ሞተሮች ላይ ቫልቩ የሚመላለስባቸው የነሐስ ቀለበቶች ቶሎ ይበላሉ፤ የጭስ መውጫ ቱቦዎቿም ከሙቀት ብዛት ይሰነጠቃሉ። ሁለቱም ከመነዳት የሚመጡ ናቸው እንጂ ከመቆም አይደሉም። ነገር ግን እነዚህ ሕመሞች ሊደበቁ አይችሉም። በየሲሊንደሩ በካንዴላው ቀዳዳ የታመቀ አየር አስገብቶ ስንት በመቶው እንደሚያመልጥ መለካት ይቻላል፤ አየሩ በጭስ መውጫ ካፏጨ ቫልቭ ነው፣ በዘይት መሙያው ከተነፈሰ የፒስተን ቀለበት ነው። ሞተሩ ዘይት የሚበላ ከሆነም ጭሱ ይናገራል። 50,000 ማይል የሄደች ኤፍ 355 እነዚህን ደዌዎች አንድ ጊዜ ታማ፣ ከፍላ፣ ድና ሊሆን ይችላል፤ ደረሰኙ ይጠየቃል። 10,000 ማይል የሄደችው ግን ገና አልታመመችም፤ አዲሱ ባለቤት ሊነዳት ሲነሳ ተራዋ ይደርሳል፤ ያን ጊዜ የቆመችበትንና የምትነዳበትን በሽታ አንድ ላይ ያስታምማል። ሳሩን አይቶ ገደሉን ያላየው በሬ ቢያንስ ሳሩን በልቷል፤ ይህኛው ገዢ ሳሩንም ገና አልቀመሰም።

«ፌራሪ ቶዮታ አይደለችም» በሚለው ላይም ትንሽ መቆየት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ገዢን ከገዛ መኪናው የሚያስፈራራው ይህ አነጋገር ነው። ብርቅዬ መኪና የሚሠራ ትንሽ ፋብሪካ ሁሉን ነገር ራሱ አይሠራም፤ ገንዘብ የለውም። ፊያት ከ1969 ጀምሮ የፌራሪን ግማሽ ይዞ ስለነበር በዘመኑ ፌራሪዎች ላይ የፊያት ትናንሽ ዕቃዎች ሞልተዋል። ያ የቦሽ ኬ ጄትሮኒክ ኢንጀክሽን በፎልስቫገን ጎልፍ ጂቲአይና በቮልቮ 240 ላይም አለ። ከ1999 ጀምሮ የተሠራችው ላምቦርጊኒ ዲያብሎ የፊት መብራቷ የኒሳን 300 ዜድ ኤክስ ነው፤ የአስተን ማርቲን ዲቢ 7 የኋላ መብራት የማዝዳ 323 ነው፤ በዘመኗ ከምድር ፈጣኗ የነበረችው ማክላረን ኤፍ 1 የኋላ መብራቷን የወሰደችው ቦቫ ከተባለው የሆላንድ አውቶቡስ ነው። የሎተስ ኢቮራ ሞተር ደግሞ በቶዮታ ካምሪ ውስጥ ያለው ባለ ስድስት ሲሊንደር ነው፤ ቨርጂኒያ ውስጥ በየሐበሻው ቤት ደጃፍ ቆሞ የሚያድረው ማለት ነው። ትራክተር ሠሪው ፌሩቾ ላምቦርጊኒ የራሱን ፌራሪ ፍሪሲዮን ሲያስወርድ በትራክተሮቹ ላይ የሚገጥመውን ዓይነት አግኝቶ ተናደደና በ1963 የራሱን የስፖርት መኪና ፋብሪካ አቆመ ተብሎ ይተረካል። ትረካው ተጋኖ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን የሚያሳየው ሐቅ አልተለወጠም፤ ያው ዕቃ የፌራሪ ፈረስ በተሳለበት ካርቶን ሲመጣ አንድ ዋጋ፣ ሳይሳልበት ሲመጣ ሌላ ዋጋ ነው። የትኛው ዕቃ የማን እንደሆነ የሚያውቀው ደግሞ ፈትቶ ቁጥሩን ያነበበ ሰው ብቻ ነው።

በገዛ እጅ መጠገን የሚባለው ነገር እዚህ ጋ ይገባል። ከ10,000 ዶላሩ ውስጥ ቺንጋውና የሚያወጥሩት ኩሽኔታዎች ትንሹን ድርሻ ነው የሚወስዱት፤ የቀረው የሰው ሰዓት ነው፤ ሞተሩን ለማውረድና መልሶ ለመስቀል የሚከፈል። ለዚህም ነው ባለቤቱ የሚያስተላልፈው፤ ዘንድሮ፣ ከርሞ እያለ። ሥራው በትንሽ ብር የሚያልቅ ቢሆን ኖሮ ማንም አያሳድረውም ነበር። የራሱን ሰዓት የሚከፍል ሰው ይህ ፍርሃት ስለሌለበት ቺንጋውን በጊዜው ይቀይራል፤ ከቀየረውም በኋላ እጁ እንደሠራ ለማየት ይነዳል፤ ሲነዳ የሚሰማውን እንግዳ ድምፅ መልሶ ይፈትሻል። ብዙ የምትነዳ መኪና የምትኖረው እንዲህ ባለው ሰው እጅ ነው ማለቴ ለዚህ ነው። ሥራው ግን ቀላል ነው እንዳይባል። መኪናው በአራት ድጋፍ ላይ ከፍ ብሎ መቆም አለበት፤ ሞተሩን የሚቀበል ጠረጴዛ ያስፈልጋል፤ ቡሎን ሁሉ በተጻፈለት ልክ የሚያጠብቅ መለኪያ ያለው ቁልፍ ያስፈልጋል፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ የቤቱ ሰው ጋራዡን ለወራት አጥቶ ዝም የሚል ትዕግሥተኛ መሆን አለበት። ሁሉም ሞተር ማውረድ የለበትም። ዘይት መቀየር፣ የፍሬን ዘይት ማስወጣት፣ ካንዴላ መፍታት፣ የነዳጅ ቱቦ ማደስ፣ ያንን ሙጫ የሆነ ቀለም በአልኮል ማጽዳት አንድ ካቻቢቴና ጥቂት ቅዳሜዎች ላሉት ሰው የሚበዙ አይደሉም። ከ308 ወይም ከ328 የጀመረ ሰው ደግሞ ቺንጋውንም ሞተር ሳያወርድ ያገኘዋል።

የዚህ ተቃውሞ ሁለት ነው። አንደኛው፣ ሲሳሳትስ? የካምሻፍቱ ጥርስ በአንዲት ብቻ ቢዛነፍ ሞተሩ ሊበላሽ ይችላል። እውነት ነው፤ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ነው። ስለዚህ ነው ጠንቃቃ ሰው አዲሱን ቺንጋ ካሰረ በኋላ ባትሪ ሳያገናኝ ክራንክሻፍቱን በእጁ ሁለት ሙሉ ዙር አዙሮ ምልክቶቹ ተመልሰው መግጠማቸውን የሚያየው። ፒስተንና ቫልቭ የሚነካኩ ከሆነ ለእጅ ይከብደዋል፤ በእጅ የተሰማ መነካካት ደግሞ ምንም አይሰብርም። ሁለተኛው ተቃውሞ ከነጋዴው ይመጣል፤ የታወቀ ጋራዥ ማኅተም የሌለው መኪና ዋጋው ይወርዳል ይላል። ይወርዳል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ በዚህ ጉዳይ ግን ወረቀቱ ከሞኙም ከብልጡም ይበልጣል። በማኅተሙ ላይ «ሰርቪስ ተደርጓል» ተብሎ ቀን ይጻፍበታል፤ ምን እንደተፈታ፣ ምን እንደተተወ አይነገርም። የቺንጋና የኩሽኔታ ደረሰኝ ከነቀኑ፣ ሞተሩ ወርዶ ሲሠራ የተነሳ ፎቶግራፍ፣ የሲሊንደሮቹ የአየር ልኬት በየዓመቱ የተጻፈበት ደብተር ያለው ባለቤት ከማኅተሙ የበለጠ ይናገራል። ይህን ሁሉ አይቶም «ማኅተም የለውም» የሚል ገዢ ካለ ይሂድ፤ ማኅተም ያላት የቆመች መኪና አትጠፋም።

አገር ቤት ላለ አንባቢ ይህ ሁሉ የሰማይ ቤት ወሬ ሊመስለው ይችላል፤ መምሰሉም ተገቢ ነው። በ2020 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ባረጀ መኪና ላይ እስከ 500 በመቶ ስለጣለ፣ በ2024 ደግሞ ኤሌክትሪክ ያልሆነ የቤት መኪና ማስገባት ስለተከለከለ፣ አሮጌ ፌራሪ አዲስ አበባ ልትገባ አትችልም። ነገሩ የሚመለከተው ዳላስ፣ ዋሽንግተን ወይም ዱባይ ያለውን ወገን ነው። ማስረጃ ከተፈለገ ግን የአዲስ አበባን ያህል የሚሰጥ የለም። ሰማያዊና ነጭ የተቀባችው ላዳ ታክሲ ዘሯ ፊያት 124 ነው፤ ሩሲያውያን ከፊያት ፈቃድ ገዝተው በ1970 መሥራት የጀመሩት፣ ፊያት የፌራሪን ግማሽ በገዛ በዓመቱ። በጋብቻ ዘመዳሞች ናቸው ማለት ይቻላል። ያቺ ላዳ በዝናብም በሐሩርም ሕዝብ ጭና ስትኖር ዓመታት ያለፉባት ቆማ ስለማታውቅ ነው፤ ጠዋት የተሰማ ድምፅ ከሰዓት ስለሚታይ፣ ሾፌሩም ግማሽ መካኒክ ስለሆነ ነው። ላዳ ቀላል ማሽን ናት፣ ፌራሪ ግን ረቂቅ ናት የሚል ይኖራል። ረቂቅነቷ ለሥራ ስትፈታ ሰዓት ይጨምራል፤ ጎማዋን ግን ከላዳዋ ጎማ ዘግይቶ እንዲደርቅ አያደርገውም።

አንድ የቀረ ማምለጫ አለ፤ እሱም የታወቀ ነው። «አልነዳትም እንጂ በየሳምንቱ አስነሳታለሁ» ይላል ባለቤቱ። ጋራዥ ውስጥ አምስት ደቂቃ አስነስቶ ማጥፋት ካለማስነሳት ይብሳል። ቤንዚን ሲቃጠል ውኃ ይወጣዋል፤ ሞተሩ ሳይሞቅ ከጠፋ ያ እርጥበት በዘይቱና በጭስ መውጫው ውስጥ ይቀመጣል፤ ለቀዝቃዛ ሞተር የሚሰጠው ትርፍ ቤንዚንም ዘይቱን ያቀጥነዋል። የራዲያተሩ ውኃ ቶሎ ይሞቃል፤ ዘይቱ ግን ከሱ ብዙ ዘግይቶ ነው የሚሞቀው፤ በነዚህ መኪኖች ላይ የዘይት ሙቀት የሚያሳይ ሰዓት የተገጠመውም ለዚህ ነው። መርፌው ከታች ተነስቶ ቦታውን እስኪይዝ፣ ከዚያም በኋላ ትንሽ እስኪቆይ ድረስ ግማሽ ሰዓት ያህል የሚነዱበት መንገድ ያስፈልጋል፤ ፍሪሲዮኑ፣ ማርሹ፣ ፍሬኑ፣ የጎማው ኩሽኔታም የሚንቀሳቀሱት በዚያው ጊዜ ነው። ስለዚህ ልብሱን ገፎ፣ ጎረቤት ሁሉ በመስኮት እያየ፣ በር ከፍቶ መውጣት ነው፤ ጠጠር ቢፈናጠርባትም፣ ወፍ ቢጥልባትም፣ የቁጥሯ መጨረሻ 9 ሆኖ ወደ 0 ሲዞር ልብ ስንጥቅ ቢልም።